ጋፋት በጠረጴዛ ላይ

አንባቢዬ ሆይ፤ ደብረ ታቦር ተቀምጬ ስለ ባቡር ብጽፍልህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅህ ተገቢ ነው። በዚህ ከተማ ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ከተማሪዎቼም መካከል ባቡር በዐይናቸው ያዩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ዘመድ ሊጠይቁ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ የከተማውን ቀላል ባቡር አይተው ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ በክፍላችን ውስጥ ሐዲድ ዘርግተናል። ርዝመቱ አራት ሜትር ነው። የሚነሣው ከአሮጌ ጠረጴዛ ጫፍ ነው፤ የሚደርሰውም ወደዚያው ጠረጴዛ ሌላ ጫፍ ነው። በመካከሉ ግን የብረት ፋብሪካ አለ። ዛሬ የማጫውትህ ስለዚያ ፋብሪካና በእርሱ ሰበብ ስላፈርኩበት አንድ ቀን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። ከመጻሕፍት መደርደሪያችን ባገኘሁት አሮጌ የውጭ አገር መጽሔት ላይ አንድ ሸበቶ ሰውዬ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የሠራውን የብረት ፋብሪካ ሲያሳይ ተነሥቶ ነበር። ጭስ ማውጫው፣ እቶኑ፣ የማዕድኑ ክምር፣ በሐዲድ ላይ የተሰለፉት ፉርጎዎች ሁሉ ተቀንሰውና ተስተካክለው በጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ይህ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስልህ። በአሜሪካና በአውሮጳ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የቢሮ ጸሐፊውም ከሥራ ሰዓት በኋላ ይውልበታል። ዋልተርስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያም የእቶኑንና የብረት መዳመጫ ቤቱን ሞዴል በክፍል በክፍል አዘጋጅቶ በሳጥን እስከ መሸጥ ደርሶአል።

ከፋብሪካ ሁሉ መርጠው ብረት ማቅለጫውን የሚወዱት ለምንድር ነው ብትል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባቡር ያለ ብረት አይሠራም፣ ብረትም ያለ ባቡር በብዛት አይመረትም። አንድ ቶን ጥሬ ብረት ለማቅለጥ 1.6 ቶን ያህል የብረት ማዕድን፣ ግማሽ ቶን ገደማ ኮክ የሚባለው የታመሰ የድንጋይ ከሰል፣ ሩብ ቶን ያህልም የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሐዲድ መጥቶ ከእቶኑ አፍ ይጨመራል። ከታች ደግሞ የጋለ አየር በኃይል ይነፋል። ኖራው በማዕድኑ ውስጥ ያለውን አፈርና አሸዋ ይዞ እንደ አረፋ ይንሳፈፋል፤ ብረቱም በ1500 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ከሥር ይቀዳል። በውስጡ 4 ከመቶ ያህል ካርቦን ስላለበት ገና ተሰባሪ ነው። ካርቦኑ ተቃጥሎ ሲቀንስለት ነው ዐረብ ብረት ለመባል የሚበቃው። እንግዲህ አንድ ፋብሪካ ብቻ ስንት ዓይነት ፉርጎ እንደሚያስኬድ አስብ፤ ማዕድን የሚያመጣ፣ ከሰል የሚያመጣ፣ ኖራ የሚያመጣ፣ የቀለጠውን የሚወስድ፣ ዝቃጩን የሚጥል። ባቡር ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም።

አሁን እርሳስህን አንሣና አብረን እናስላ። በብዛት የሚሠራበት ልክ አንድ ለ87 ነው። በዚህ ልክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 30 ሜትር ከፍታ ያለው እቶን 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከክንድ አይበልጥም። አንድ ኪሎ ሜትር ግን 11 ሜትር ተኩል ነው። የክፍላችን ርዝመት 8 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን እውነተኛ የብረት ፋብሪካ እንዳለ ላስገባ ብትል ግድግዳ አፍርሰህ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ትገባለህ። ስለዚህ ሠሪዎቹ እየመረጡ ያሳጥራሉ። አሥሩን መጋዘን ሁለት ያደርጉታል፤ እቶኑን ግን አይነኩም። ምን መቅረት እንዳለበትና ምን ከቶ መቅረት እንደማይገባው መለየት የጥበቡ ዋና ነገር ነው።

እኛም የአሜሪካውን ፋብሪካ በካርቶን ለመቅዳት ተነሥተን ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት ተማሪ እጅዋን አውጥታ «መምህር፣ የሰው አገሩን ከምንሠራ ጋፋትን ብንሠራስ?» አለች። ጋፋት ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ ኮረብታ ነው። ጠዋት ስብከት ሰምቶ የወጣ ሰው በእግሩ ሄዶ ለምሳ ይመለሳል። ከአጠገባችን ያለውን ትተን ባሕር ማዶ ማማተራችን አሳፈረኝና የጀመርነውን አቆምን።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስህ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው አድርገው ነበር። በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን፣ እነ ዋልድማየርን፣ እነ ሳልሙለርን፣ እነ ቤንደርን በጋፋት አሰፈሩአቸው። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ መድፍ ሠሪም ከእነርሱ ጋር ነበረ። ሚስዮናውያኑ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ ሞክሩ አሉአቸው። የኢትዮጵያ ወጣቶችም ሙያ እንዲማሩ ወደዚያው ተሰጡ። መጀመሪያ የተሞከረው ሁሉ አልተሳካም። እየዋለ እያደረ ግን ትናንሹ፣ ከዚያም ትልልቁ እየተቀረጸ ወጣ፤ በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ፈሰሰ። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በከበባ ከታወቀው የሩስያ ከተማ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳልነግርህ አላልፍም። ጋፋት የዐረብ ብረት ፋብሪካ አልነበረም። ሴባስቶፖል የነሐስ መድፍ ነው። መዳብ በ1085 ዲግሪ ሲቀልጥ ነሐስ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብረት ግን 1538 ዲግሪ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌላቸው ሦስት ጊዜ ረስተውት ነበር፤ እቶኑን በጭቃ ለመሥራት በተቀመጡ ጊዜ ግን ራሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ከሰሉ ይህን ያህል ሙቀት እንዲሰጥ ምን ይደረግለታል? ነፋሱ በየት ይገባል? የቀለጠው በየት ይወጣል? በፈተና ወረቀት ላይ ከቶ ያልተነሡ ጥያቄዎች ነበሩ።

ዕቃችን ሁሉ ከአካባቢው የተገኘ ነው። ኮረብታው የተሠራው ከካርቶንና ከአሮጌ ጋዜጣ ሆኖ በዱቄት ሙጫ ተጣብቆአል። እቶኑ ጭቃና ጭድ ነው። ለጎጆዎቹ ግድግዳ የክብሪት እንጨት፣ ለክዳናቸው ሣር በቃን። ሴባስቶፖልን ከጭቃ ጠፍጥፈን ቀለም ቀባነው። የጀመርነውን የአሜሪካ ሐዲድ ግን አላነሣነውም። በጋፋት አጠገብ እንዲያልፍ አደረግን፤ ያልነበረውን ሐዲድ ከነበረው እቶን ጋር አስተያይተን እንድናይ ነው።

መድፉ ደርቆ በመዳፌ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ለክፍሉ አንድ ሒሳብ ሰጠሁ። ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በአንድ ለ87 ልክ ከእውነተኛ ነሐስ ብንሠራው ስንት ይመዝን ነበር? አብዛኞቹ 7 ሺህ ኪሎውን ለ87 አካፍለው 80 ኪሎ አሉ። አንተም እንዲያ ካልህ ቆም በል። ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን ወርዱም ከፍታውም በ87 ስለሚቀንስ የሚካፈለው ለ87 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ ይኸውም ለ658 ሺህ 503። መልሱ 10 ግራም ተኩል ገደማ ነው፤ የሁለት ሳንቲሞች ክብደት! ሞዴል ቅርጹን ሲያሳንስ ሸክሙን ግን ጨርሶ ይደብቀዋል ማለት ነው።

መንገዱን ደግሞ አስላ። ንጉሡ ያን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። አሞራ ሆኖ ለሚበር እንኳ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠረጴዛችን ልክ 1 ኪሎ ሜትር ከ700 ሜትር ገደማ ይሆናል። በመካከሉ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። ወደ 1 ሺህ ሜትር የሚወርደውን ገደል በልኩ ልሥራ ብትል 11 ሜትር ተኩል ወደ ታች መቆፈር አለብህ። እቶኑ ከክንድ አይበልጥም፤ ገደሉ ግን ከትምህርት ቤታችን ጣራ ይበልጣል። መድፉ በሠረገላ ሆኖ፣ በብዙ መቶ ሰው ክንድ በገመድ እየተሳበ፣ መንገዱም ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ፣ መቅደላ የገባው በመጋቢት ወር ነው። ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ፤ መድፉ ግን ዛሬም በዚያው አምባ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታየው አምሳያው ነው።

አንድ የዛሬ ፉርጎ ከ60 ቶን በላይ ይጭናል። ሴባስቶፖልን ከጥግ አስቀምጦ በቀረው ቦታ እህል ይጭንበታል፤ ያን ያህል መንገድም ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ምድር ሐዲድ አልነበረም፤ የጅቡቲው ባቡር ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1917 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲረዱ ዝም አሉ። ጋፋት የጎደለው ድፍረት ወይም ብልኀት አልነበረም። እቶኑን ከማዕድኑ፣ ሥራውንም ከሚፈለግበት ስፍራ የሚያገናኝ ነገር ነበር የጎደለው። ፋብሪካ ማለት ግንቡ ብቻ ሳይሆን ወደ እርሱ የሚገባውና ከእርሱ የሚወጣው መንገድ ጭምር መሆኑን ከመጽሐፍ ይልቅ ጠረጴዛው አስተማረን።

አሁን ወደ አፈርኩበት ቀን ልመለስ።

አየር ለእቶን ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ከሰል በምድጃ አቀጣጥዬ አንድ የላስቲክ ከረጢት እንደ ወናፍ አዘጋጀሁ። ስጫነው ከሰሉ ቦግ ይላል፤ ለመሙላት ሳነሣው ይደበዝዛል። ክንዴ ደከመና በቀልድ መልክ «ይህስ የቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ ትምህርት እምቢ ያለው ይምጣና ይንፋ» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ከመካከል አንድ ልጅ ተነሣ። በሒሳብ ከሚበልጡት አንዱ ነው፤ ሳይጠየቅ ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም። «መምህር፣ ወናፍ በአንድ አይነፋም» አለ። ሌላ ከረጢት አምጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገ። አንዱን ሲጫን ሌላውን እየሞላ፣ ቀኝና ግራ እያፈራረቀ ነፋ። ነፋሱ አልተቋረጠም። ከሰሉ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ሲሄድ ሁላችንም አየን።

ማመስገን ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ተደንቄ ስመለከት ከኋላ አንድ ድምፅ «ከቤቱ ተምሮት ነዋ!» አለ። ሌላው ደግሞ ልጽፈው የማልወደውን፣ አንተም የምታውቀውን፣ በዐይናቸው ሰው ይበላሉ እየተባለ በባለ እጆች ላይ የሚወረወረውን ስድብ ጨመረ። ልጁ ከረጢቶቹን በቀስታ አስቀምጦ ተቀመጠ። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ። አባቱ በከተማው ዳር በዛፍ ሥር፣ መስፋቸውን ከፊታቸው አድርገው የጋለ ማረሻ በጉጠት ይዘው ይቀጠቅጡ ነበር።

«ልጁ ጥፋት አለው እንዴ፣ መምህር?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ» አልኩና ያልኩትን ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ማረሻው ሥራው እስኪያልቅ አልተናገሩም። ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ጩኸቱ አለፈና እንዲህ አሉ፤ «ይህን ያዘዘው ሰው ነገ መጥቶ ይወስደዋል። በዚህ ያርሳል፤ በዚህ ልጆቹን ያበላል። ከቤቴ ግን ውሃ አይጠጣም። ልጄ ይህን የሚያውቀው ከፊደል በፊት ነው። ከመምህር አፍ መስማቱን ግን አልለመደውም።»

ወደ ክፍላችን መጥተው ስለ ወናፍ እንዲያስተምሩን ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብመጣ ልጆቹ የሚያዩት ወናፉን አይደለም፤ ፊቴን ነው። ልጁ ይመለሳል። ሊነግራችሁ ከወደደ ይንገራችሁ፤ ካልወደደም ተዉት» አሉ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። አስተማሪ ሆኜ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ትምህርት የለም። ዐፄ ምኒልክ በዘመናቸው የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው እንደ ነበር ለተማሪዎቼ ያስተማርኩ እኔው ነኝ፤ ቃሉን ያፈረስኩትም እኔው ነኝ። ልጁ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። ከአጠገቡ የሚቀመጠው ተማሪ ቦታ እንዲቀይርለት ጠይቆኝ ነበር፤ አልቀየርኩለትም፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ብዙ አይነጋገሩም። ነገር ግን ወናፉን በጠረጴዛው ላይ የሠራው ልጁ ነው። ከአሮጌ ጓንት ቆዳ ሁለት ትንንሽ ወናፎች ሰፍቶ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ሰው አስቀመጠ።

በጠረጴዛው ላይ በእያንዳንዱ የውጭ አገር ባለሙያ አጠገብ ስሙን በወረቀት ጽፈን ሰክተን ነበር። ያችው ጋፋትን ያነሣችው ተማሪ ወደ ጭቃው ሰው አመልክታ «የእርሱስ ስም?» አለች። ስማቸው ለታሪክ የተላለፈው የደብዳቤና የመጽሐፍ ጸሐፊዎቹ ነው። ወናፉን የነፋው፣ ከሰሉን ያከሰለው፣ ጭቃውን የረገጠው አልጻፈምና ስሙ አልተጻፈም። ልጆቹ ተመካከሩና በትንሽ ወረቀት «ባለ ወናፉ» ብለው ጽፈው ሰኩለት።

አንባቢዬ ሆይ፤ ተማሪ ከሆንህ ይህን ሥራ ከጓደኞችህ ጋር እንድትሞክረው እመክርሃለሁ። የምታውቀውን አንድ የሥራ ስፍራ ምረጥ፤ ወፍጮ ቤት ቢሆን፣ የዘይት መጭመቂያ ቢሆን፣ ጋራዥ ቢሆን። ልክህን አስቀድመህ ወስን። ምን እንደሚገባበትና ምን እንደሚወጣበት ጻፍ። መንገዱን አትርሳ። ሥራውን በእጁ የሚሠራውንም ሰው ሄደህ ጠይቅ፤ ከመጠየቅህ በፊት ግን ስለ እርሱ ከአፍህ የሚወጣውን ቃል መዝን።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ደግሞ አንተም በየቀኑ ሞዴል እንደምትሠራ አስብ። በጠረጴዛህ ላይ ያለው ሪፖርት አገርን አሳንሶ በወረቀት ላይ የሚያስቀምጥ ነው። «7 ቶን ዕቃ ተጓጉዟል» ብለህ በአንድ መስመር ስትጽፍ ክብደቱ ወደ 10 ግራም ይወርዳል፤ ገደሉም ይጠፋል። መስመሩ እውነት ነው፤ መጻፍም አለበት። ብቻ ፊርማህን ከማኖርህ በፊት ገመዱን የሳበው ማን እንደ ሆነ ለአንድ አፍታ አስታውስ።

ጋፋታችን አሁንም በክፍላችን ጥግ አለ። የኮረብታው ካርቶን በክረምቱ እርጥበት ትንሽ ጎብጦአል፤ አንደኛው ጎጆም ክዳኑን አይጥ በልቶበታል። ባለ ወናፉ ግን በቦታው ነው። ወደ ደብረ ታቦር የመጣህ እንደ ሆነ ጎራ በልና እየው።